ስንዴ የሌለበት ድፎ

ትናንት ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «እማ፣ እስቲ ይችን ሴት እያት» አለችኝ። ሴትዮዋ እስራኤል አገር የምትኖር ቤተ እስራኤላዊት ናት፤ አማርኛዋ የኛው ነው። ልጇ ስንዴ አይስማማውምና ለአይሁድ ፋሲካ ከጤፍና ከድንች ቂጣ ትጋግርለታለች። «ሦስቴ ተበላሸብኝ፣ አራተኛው ይኸው!» ብላ ስትስቅ እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። የመጣብኝ የድሮው ድካም ነው።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የምንኖረው ቆሰበር ከተማ ነበር፤ አባባ ኮርቻ ሠሪ ነበሩ። ስንዴም ገብስም ከቀመሱ ሆዳቸው ይነፋል፣ ያስቀምጣቸዋል፣ ሳምንት ይተኛሉ። ባሕር ዳር ያያቸው ሐኪም «ሁለቱንም እርም ይበሉ» ብሏቸዋል። በአዘቦቱ ቀን ችግር የለም፤ ጤፍና ድንች ይበላሉ፣ ድንች እንደሆነ በኛ አገር ሞልቷል። ጣጣው በዓል ሲመጣ ነው። ድፎውን ባርኮ የሚቆርሰው አባወራው ነው፤ ቆርሶ መጀመሪያ የሚቀምሰውም እሱ። ሳይቀምሱ ለእንግዳ ማቅረብ፣ ኧረ በስመአብ፣ ምን ሊያስብል! ስለዚህ በየበዓሉ ትንሽ ቁራሽ ይቀምሳሉ፣ እንግዳው ሲሸኝ ይወድቃሉ። «ይቅርብዎ አባባ» ስላቸው «የሰው መሳቂያ ልሁን?» ይሉኛል። በዚያ ዓመት ግን ጉንጫቸው ገብቶ፣ ቀበቷቸው ሌላ ቀዳዳ ተበስቶለት ነበር። አንድ ፋሲካ ቢደግሙ የሚሞቱብኝ መሰለኝ።

ሁዳዴውን ሙሉ ከሊጥ ጋር ስታገል ከረምኩ። የበቆሎው ተሰነጣጥቆ ፈረሰ። የጤፉ ብቻውን እንደ ጭቃ ሆኖ ቢላዋው ላይ ተጣበቀ። እንቁላል እንዳልጨምርበት ጾም ነው፤ ለመቅመስ እንኳ ቅዳሴ እስኪወጣ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ድንች ቀቅዬ፣ ደፍጥጬ፣ ከጤፍ ዱቄት ጋር ለወስኩና ተልባ በውሃ በጥብጬ ጨመርኩበት። ተልባው ያዘው፤ ሲቆረስም አልፈረሰም። ብቻ ኩፍ አላለም። እናቴ አየችውና «ይህን ድፎ ብለሽ እንግዳ ፊት ልታቀርቢ ነው?» አለችኝ። ውጭ ዝናብ ያካፋል፣ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ዓይኔ በጭስ ተለብልቧል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በቀዳም ሥዑር እንደገና አቡክቼ ኮባ ላይ ደፋሁት። ሲከፈት፣ ጉድ! ኩፍ ብሎ ጉብ ብሏል። እናቴን አቅፌ ጨፈርኩ። በፋሲካው አባባ በቢላዋ አማትበው ቆረሱ፣ ቀመሱ፣ ደገሙ።

«እውነት ስንዴ የለበትም?»

«የለበትም አባባ!»

ሦስተኛ ቁራሽ አነሡ። ድፎ ሲጠግቡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሳይመሽ ወደቁ። እናቴ ራስጌያቸው ቆማ ደረቷን ትመታለች። «ኩፍ እንዲልልሽ ብዬ ለጎረቤት ከሚላከው የስንዴ ሊጥ እፍኝ ጣልኩበት። እርሾ እኮ ነው! እርሾን ከስንዴ ማን ይቆጥረዋል?» እውነቷን ነው፤ እኛ ቤት እርሾ እርሾ ነው፣ እህል አይባልም። ልቆጣት ፈልጌ አቅም አጣሁ። አባባ ከአልጋው ሆነው «ተያት፣ ለኔው ብላ ነው» አሉኝ።

በዳግም ትንሣኤ ጎረቤት ተሰበሰበ። አባባ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ፤ የስንዴውን ድፎ ባረኩ፣ ቆረሱ። ቁራሹን ግን ወደ አፋቸው አላስጠጉም።

«ወገኖቼ፣ እኔን ስንዴ ይጥለኛል» አሉ። «ይህን ያህል ዘመን ደበቅኋችሁ። አሁንስ ደከመኝ። እሷ ትቅመስልኝ።» ቁራሹን ለእናቴ ዘረጉላት።

አባወራው እያለ ሚስት ስትቀምስ ቤታችን ታይቶ አያውቅም። እናቴ ተቀብላ ጎረሰች። ከዘንገና በኩል የመጡት ሽማግሌ፣ አያ ሙሉ፣ «ይህን ለመናገር ሞት አፋፍ መድረስ ነበረብህ እንዴ!» ብለው ተቆጡና ከፊታቸው የነበረውን የድንች ሳህን ወደ አባባ ገፋ አደረጉላቸው። ከዚያ ሁሉም በላ። ስንት ዓመት የፈሩት ይኸው ነበር።

አባባ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሩ። እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ በየበዓሉ ድፎ ደፋሁ። ባሌ ዳቦዬን ለሰው ሁሉ ያወራል፤ ልጆቼ ካሉበት «የእማን ድፎ» እያሉ ይመጣሉ። እጄን ቁርጥማት ከያዘው ቆየ፤ ሳቦካ እስከ ትከሻዬ ይነዝረኛል። ስቄ አቦካለሁ። ሰው ከወላጁ ምኑን እንደሚማር እንጃ።

ልጄ ስልኳን አስቀምጣ «ዘንድሮስ ስንት ትደፊያለሽ?» አለችኝ። አፌ እንደ ልማዱ «አራት» ሊል ነበር።

«እጄን ያመኛል» አልኳት። «አልችልም። አንቺ ድፊው።»

መጥታ እጄን ያዘች፤ አገላብጣ አየችው። ያበጠውን አንጓ በጣቷ ነካችውና «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» አለችኝ።

መልሱን ለመናገር አፈርኩ።