የእትዬ መጋረጃ ኮከቦች

አክስቴን ሰፈሩ በሙሉ እትዬ መጋረጃ ነው የሚላት። ዕድሜዋን የፈጀችው መጋረጃ ስትሰፋ ነው። ሱቋ በመድኃኒት ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ነች፦ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳ የተደገፉ የጨርቅ ጥቅሎች፣ በጣሳ የተሞላ የመጋረጃ ቀለበት። እኔ የወንድሟ ልጅ ነኝ፤ ትምህርቴን ስጨርስ እዚያው ከእሷ ጋር መሥራት ጀመርኩ። አክስቴ ቁመቷ ከመቁረጫ ጠረጴዛው ብዙም አያልፍም። ደንበኛ ቤት ሄደን መስኮት ስንለካ ወንበር ላይ የምወጣው እኔ ነኝ፤ እሷ ከታች ሆና ታዛለች፣ ትቆጣለች፣ አንዳንዴም ወንበሩን መያዟን ትረሳለች።

ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጇም ወደብ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ቤቱ ጭር አለባት። አፍ አውጥታ ባትናገረውም እንደከበዳት እናውቅ ነበር። ከቤት ስትወጣ እንኳ ሬዲዮኑን አታጠፋውም። አባቴ "ለማን ነው ከፍተሽው የምትሄጂው?" ሲላት "ለወንበሮቹ" ትለዋለች።

በዚያ ዓመት ከተማችን የወጣት ሴቶች ዓለም አቀፍ የቅርጫት ኳስ የኮከቦች ጨዋታ አስተናገደች። ከየአገሩ ተስፋ የተጣለባቸው ልጆች ተመርጠው ይመጡና በሁለት ቡድን ተደባልቀው፣ ነጭና ሰማያዊ ለብሰው፣ አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። ለተመልካች መዝናኛ ነው። ለልጆቹ ግን ትልልቅ ክለቦችና ኮሌጆች የላኳቸው መልማዮች ፊት የሚቆሙበት ቀን ስለሆነ ቀልድ አይደለም። እንግዶቹ ሊመጡ ሲሉ የስፖርት ማረፊያው ቧንቧ ፈነዳና ክፍሎቹ ውሃ በውሃ ሆኑ። አዘጋጆቹ የሚይዙት ቢያጡ በአዳራሹ ዙሪያ ያሉ ቤቶችን ማንኳኳት ጀመሩ።

አክስቴ ደጅ የመጣችው ቱታ የለበሰች፣ ድካም የሚነበብባት ወጣት ነበረች።

"እትዬ፣ ሁለት ልጆች ለሳምንት ያህል ሊያሳድሩልን ይችላሉ?"

"ሁለት ልጅ ምን ቦታ ይፈጃል?" አለች አክስቴ። "አምጫቸው።"

ያን ቀን ሱቅ ዘግተን የልጇን ክፍል ስናጸዳ ዋልን። ወተት ገዛች። ልጇ ትንሽ ሳለ ይለብሰው የነበረውን፣ ዳክዬ የተሳለበትን ብርድ ልብስ ከሣጥን አውጥታ አናፈሰችው። ማታ ልጆቹን የያዘ ሚኒባስ በር ላይ ሲቆም ብርድ ልብሱን ይዘን ወጣን። መጀመሪያ ቀጭን ልጅ ዘላ ወረደች፤ ከእኔ በአንድ ጭንቅላት ትበልጣለች። ቀጥላ ሌላዋ አጎንብሳ ብቅ አለች። አንድ እግሯን አወጣች፣ ሌላውን አወጣች፣ ከዚያ መቃናት ጀመረች፤ መቃናቱ አያልቅም። አክስቴ ብርድ ልብሱን ከጀርባዋ ደበቀችና በጆሮዬ "ልጆች ነበር እኮ ያለችኝ" አለችኝ።

ቀጭኗ ልጅ የአገራችን ልጅ ነች፤ ከሩቅ ትንሽ ከተማ ነው የመጣችው። ጓደኞቿ ሽቦ ይሏታል። ኳስ አቀባይ ነች፤ እጇም ምላሷም አያርፍም። ረጅሟ ከባሕር ማዶ የመጣች ነች፤ በእኛ ቋንቋ አንዲት ቃል አታውቅም። ስሟን አክስቴ ሁለቴ ሞከረችውና ምላሷ ስለተሳሰረ ተወችው። "ምሰሶ ብላት ትቀየመኛለች?" ብላ ሽቦን ጠየቀቻት። ሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት በቀመሷት የባዕድ ቋንቋ እየተጎተቱ ይግባቡ ስለነበር ሽቦ አስተረጎመችላት። ረጅሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሰሶ ሆና ቀረች።

አልጋው ለእሷ የሚበቃ አልነበረም። አናጢ የሆነው አባቴ ተጠርቶ መጣ። አልጋውን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ እንደገና አልጋውን አየ። "ለዚች አልጋ ሳይሆን ድልድይ ነው የሚሠራው" አለና አንድ ጠንካራ አግዳሚ ወንበር ግርጌው ላይ ገጠመላት።

ሽቦ ቤቱን በአንድ ቀን ቤቷ አደረገችው። ኮሪደሩ ላይ ኳስ ስታነጥር ቁም ሣጥኑ ውስጥ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ። አክስቴ "ብርጭቆዬን ብትሰብሪ አንቺን ነው የምሰብርሽ" ትላታለች፤ ግን ሬዲዮኑን አጥፍታዋለች። ምሰሶ ግን ጭምት ነበረች። የማይነካትን በር እንኳ አጎንብሳ ነው የምታልፈው፤ ሰው መሃል ስትቆም ትከሻዋን ሰብስባ ለማጠር ትሞክራለች። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ አክስቴ ምሰሶን ጓሮ ከተሰጣው ልብስ ጀርባ ስታለቅስ አገኘቻት። ከእናቷ ጋር በስልክ አውርታ መዝጋቷ ነበር።

አክስቴም በልጅቷ ቋንቋ አንዲት ቃል አታውቅም። እጇን ይዛ ወደ ሱቅ አመጣቻትና ጭኗ ላይ ተሰፍቶ ያለቀ መጋረጃ አስቀመጠችላት። የቀለበቱን ጣሳ አጠገቧ አድርጋ አንዱ እንዴት እንደሚገባ አሳየቻት። ምሰሶ እንባዋ ሳይደርቅ ቀለበት ማስገባት ጀመረች። በማግስቱ ሳትጠራ መጣች። ደንበኛ ቤት ይዘናት ስንሄድ ደግሞ ያለ ወንበር እጇን ዘርግታ መጋረጃውን ሰቀለችው። የቤቱ እመቤት አፏን ከፍታ ቀረች። አክስቴ ወደ እኔ ዞራ "አንቺ ሥራ ፈልጊ" አለችኝ።

ቡድን ሲደለደል ሁለቱ ልጆች ለየብቻ ወጡ። ምሰሶ ለነጭ፣ ሽቦ ለሰማያዊ ተመደቡ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። "አንድ ቤት የሚያድሩትን ማን ነው የለያያቸው?" አለች። አንድ ቀን ልምምዳቸውን ልታይ ሄዳ ይበልጥ ተናዳ ተመለሰች።

"ለምንድን ነው ለምሰሶ ኳስ የማይሰጧት? እዚያ ቆማ እጇን ስትዘረጋ አያዩዋትም?"

"እትዬ፣ የኮከቦች ጨዋታ እንዲህ ነው" አለቻት ሽቦ። "ሁሉም መታየት ይፈልጋል። ኳስ የሰጠ አይታይም።"

"አንቺስ?"

ሽቦ ዳቦዋን ቆረሰች። "እኔም ያው ነኝ" አለች።

ምሰሶ ደግሞ መከላከሉ ላይ ቶሎ ትሸወድ ነበር። ተቃራኒዋ ወደ ቀኝ ስትል ወደ ቀኝ ትዘላለች፤ ተቃራኒዋ በግራ በኩል አልፋ ታገባለች። በልምምድ ላይ ሳቁባት። ያን ዕለት ሽቦ ጎትታ ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው አሮጌ ሜዳ ወሰደቻት፤ እኔና አክስቴም ከሱቅ ስንመለስ አየናቸው። ሽቦ ኳሷን እያነጠረች ትመጣለች፣ ትከሻዋን ታሳያለች፣ ምሰሶ ትዘላለች። ሽቦ ትቆምና ትከሻዋን ትመታለች፤ ቀጥላ ወገቧን ትይዛለች።

"ምን እያልሻት ነው?" አለቻት አክስቴ።

"ትከሻዬን አትይ፣ ወገቤን እዪ እያልኳት ነው። ትከሻ ይዋሻል፣ ወገብ ግን ካልዞረ ሰውየው የትም አይሄድም።"

ጀንበር እስክትጠልቅ ደጋገሙት። እየቆየ ሲሄድ ምሰሶ መዝለሏን ተወች። ቆማ ትጠብቃለች፣ ሽቦ ስትነሳ እጇን ትዘረጋለች። ሽቦ ሲከለከልባት እንደተደሰተ ሰው ትጨፍራለች።

የጨዋታው ቀን አክስቴ ግማሹ ነጭ ግማሹ ሰማያዊ የሆነ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማ መጣች። ለዚያ ብላ ነው የሰፋችው። አዳራሹ ጢም ብሏል። መልማዮቹ ከሜዳው ዳር ባለው ረጅም ጠረጴዛ ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። አክስቴ ነጭ ሲያገባ አጨበጨበች፣ ሰማያዊ ሲያገባ አጨበጨበች። ከኋላችን የተቀመጠ ሰውዬ ግራ ገባው።

"እናቴ፣ የማን ደጋፊ ነዎት?"

"የሁለቱም።"

"እንዲህማ አይሆንም እኮ።"

"ለአንተ ነው የማይሆነው" አለችውና ፊቷን መለሰች።

ሽቦ ጥሩ ተጫወተች። ሁለት ሰው መሃል ሰንጥቃ ስታልፍ አዳራሹ ይነሳል። ምሰሶ መጀመሪያ ላይ ፈርታ ነበር፤ ኳስም ብዙ አላገኘችም። እየቆየ ግን ከቅርጫቱ ሥር ማንም የማይደፍራት ሆነች። አክስቴ ስለ ሕጉ ምንም ስለማታውቅ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር "አሁን ማን ነው ያጠፋው?" እያለች እጄን ትቆነጥጣለች።

መጨረሻው ላይ ነጭ በአንድ ነጥብ ይመራል፣ ኳሱ በሽቦ እጅ ነው፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ሽቦ የምትከተላትን ልጅ ጥላ ገባች። ከፊቷ የቀረችው ምሰሶ ብቻ ነች። ሽቦ ወደ ቀኝ ትከሻዋን አሳየች። ምሰሶ ንቅንቅ አላለችም። ሽቦ በግራ እጇ ስትነሳ ያ ረጅም እጅ አብሯት ተነሳና ኳሷን አየር ላይ አገኛት። ኳሷ ተመልካች መሃል ወደቀች፣ ደወሉ ጮኸ፣ ነጭ አሸነፈ። አዳራሹ ሲፈነዳ የአክስቴ ሁለት እጆች ሊያጨበጭቡ ሲሉ መሃል መንገድ ላይ ቀሩ።

መልማዮቹ ምሰሶን ከበቧት። አንዱ፣ ከኮሌጅ የመጣ አሰልጣኝ፣ እንዲህ መከላከል ማን እንዳስተማራት ጠየቃት። ምሰሶ ፎጣ ተከናንባ የተቀመጠችውን ሽቦን በጣቷ አሳየችው። ሰውየው ሄዶ ሽቦን ጨበጣት፣ ፈገግ አለላት፣ ተመልሶ ከምሰሶ ጋር ንግግሩን ቀጠለ። ከዚያ በቀር ሽቦ ዘንድ የመጣ አልነበረም።

ማታ ገበታ ላይ ተቀመጥን። አክስቴ ሩዝና እንቁላል አቅርባለች፤ ማንም አይነካውም። ሽቦ ሳህኗን እያየች ተናገረች።

"እኔ ነኝ እኮ ያስተማርኳት።"

"አውቃለሁ" አለች አክስቴ።

"ባላስተምራት ኖሮ አገባው ነበር።"

"ታገቢው ነበር።"

"ታዲያ ጅል አይደለሁም?"

አክስቴ ወንበሯን ወደ ሽቦ አስጠጋች። እዚያ ተቀምጬ አንድ የሚያጽናና ነገር እንድትል ስጠብቅ፣ "ተናደሻል፣ ደግሞም ይገባሻል" አለቻት። "ማልቀስ ከፈለግሽ አልቅሺ፤ ቤትሽ ነው። ጅል ነሽ ግን አልልሽም። ያን ቀን ሜዳው ላይ ሳይሽ፣ ይቺ የእኔ ልጅ በሆነች ብዬ ነበር።"

ምሰሶ የተባለውን ባትሰማም ነገሩ ስለ እሷ እንደሆነ ገብቷታል። ተነሥታ ወደ ክፍል ገባች፤ የአሸናፊነት ሜዳልያዋን ይዛ መጥታ ሽቦ ፊት አስቀመጠችው። ሽቦ ገፋችው። ምሰሶ መለሰችው። ሽቦ እንደገና ገፋችው። ሜዳልያው ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲንሸራተት አክስቴ ያዘችውና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"ለጊዜው የእኔ ነው" አለች። "አሁን ብሉ፣ ሊቀዘቅዝ ነው።"

መጀመሪያ የሳቀችው ሽቦ ነች። እንባዋም አብሮ መጣ። ምሰሶ ረጅም ክንዷን በጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አንገቷን አቀፈቻት፤ የሻይ ብርጭቆ ተገለበጠ፣ አክስቴም የጠረጴዛውን ልብስ እየጠረገች ሁለቱንም ተሳደበች።

በማግስቱ ተሸኙ። ምሰሶ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሚወስዳት መኪና ሲመጣ አክስቴን አቀፈቻት፤ የአክስቴ ፊት ልጅቷ ሆድ ላይ ነው የደረሰው። ሽቦ በአውቶቡስ ወደ ትንሿ ከተማዋ ተመለሰች። ያን ሰሞን አክስቴ የአንድ ደንበኛ መጋረጃ ላይ ጠርዙን በተቃራኒው ሰፍታ እንደገና ፈታችው። እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም።

ወራት አለፉ። ቱታ ለባሿ ልጅ መጋረጃ ልታሠራ ስትመጣ የከተማው ክለብ ኳስ አቀባይ እየፈለገ እንደሆነ ነገረችን፤ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ነው፣ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አክስቴ መቀሱን አስቀምጣ ስልክ ደወለች። ከሽቦ ጋር ያወራችው ጥቂት ነው፤ ብዙውን ያወራችው ከእናቷ ጋር ነበር።

"እህቴ፣ ስጋትሽ ይገባኛል" ስትል ሰማኋት። "እኔም ልጄ ርቆብኛል። ክፍሉ ባዶ ነው። እኔ ምግብ ሳልሰጥ የማሳድረው ሰው የለም። መጥተሽ እዪኝ፣ ካልወደድሽኝ ይዘሻት ተመለሺ።"

እናትየዋ መጣች፤ ሁለት ቀን ቆየች፣ ሁለቱ ሲያወሩ ሲያወሩ ውለው አደሩ። ስትመለስ ልጇን ትታላት ሄደች።

ሽቦ የትልቅ ክለብ ተጫዋች አልሆነችም። ለከተማው ክለብ እስካሁን ትጫወታለች፤ ከሰዓት በኋላ ትማራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ታዳጊ ሴቶችን ታሠለጥናለች። አንደኛ የምታስተምራቸው ነገር ኳስ መስጠት ነው። ምሰሶ የዚያ አሰልጣኝ ኮሌጅ ገባች፤ ጉልበቷን ተጎድታ አንድ ዓመት ሙሉ ከሜዳ ርቃ ነበር፣ አሁን ተመልሳለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች። ቋንቋችንን ከሽቦ በስልክ ስለተማረችው የምታውቀው ግማሹ ስድብ ነው።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ቤት ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። አክስቴ ጓሮ ልብስ እያጠበች ነው፣ ሽቦ ከልምምድ መጥታ ገላዋን እየታጠበች ነው።

"እትዬ አለች?" አለችኝ ምሰሶ።

"አለች፣ እጇ አረፋ ነው። ልጥራት?"

"አትጥሪያት" አለች። "ትጨርስ። እጠብቃለሁ።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሷም ከዚያ ከሩቅ አገር ሆና የቤቱን ድምፅ እየሰማች ጠበቀች።