ማውጫውን ሳልገለብጥ

ፖስታው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የደረሰኝ ማክሰኞ ዕለት ነበር። ውስጡ አንድ ሲዲና ሁለት ገጽ መመሪያ አለ። ሲዲው የያዘው የመጠባበቂያ ፕሮግራማችንን ማሻሻያ ነው፤ ማለትም በቢሯችን ኮምፒውተሮች ላይ በዕለቱ የተሠራውን በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወደ መረጃ ማከማቻ ቴፕ የሚገለብጠውን ፕሮግራም።

ክልሉ ያን ጊዜ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ውስጥ ግማሹ ቢሮ ከግንበኛ እጅ አልወጣም፤ የሌላው ግማሽ ወንበር ደግሞ ገና በመንገድ ላይ ነው ይባላል። እኔ የምሠራበት ቢሮ በአካባቢው ቋንቋዎች የመጀመሪያ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት የሚዘጋጁበት ነበር። አምስት ኮምፒውተሮች በገመድ ተያይዘው፣ ቀድሞ የወረቀት መጋዘን በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር ይገናኛሉ። የነዚህ ሁሉ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬዎች ልጅ ነኝ፤ ያደግኩትም አሶሳ ዙሪያ ካሉት የሰፈራ አምባዎች በአንዱ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ተምሬ ስመለስ በከተማው ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው እምብዛም ስላልነበረ፣ የማላውቀውም እንደማውቀው ተቆጠረልኝ። እኔም አልተቃወምኩም።

አራተኛው ኮምፒውተር የኡስታዝ ነበር። መንጌ ውስጥ ለብዙ ዓመት ስላስተማሩ ሁሉም ሰው «ኡስታዝ»፣ መምህር፣ ነበር የሚላቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ በቋንቋቸው የአንደኛ ክፍል መጽሐፍና አንድ መዝገበ ቃላት እያዘጋጁ ነበር። ካሴት መቅረጫ ይዘው ወደ መንጌና ወደ ሆሞሻ ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ያናግራሉ፤ ሲመለሱ ድምፁን እኔ ወደ ኮምፒውተር እገለብጥላቸዋለሁ። ከዚያ እሳቸው በሁለት ጣት ቃል በቃል ይጽፉታል። አማርኛቸው መልካም ነበር፤ ወንድና ሴት ግን አይለይም። ሴቷን እኔን «አንተ» ነበር የሚሉኝ። መጀመሪያ ላይ አርማቸው ነበር፤ በኋላ ተውኩት።

ካሴት እንደ ልብ አይገኝም ነበር። አንድ ቀን ከመንጌ ተመልሰው፣ ያላቸውን ካሴቶች ጠረጴዛዬ ላይ ደርድረው፣

«ሁሉም ሞልቷል። አዲስ እስኪመጣ ሥራዬ ሊቆም ነው» አሉኝ።

«ድምፁ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ የለም እንዴ? ቴፕ ላይም በየቀኑ ይገለበጣል። በላዩ ላይ ይቅዱበት» አልኳቸው።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ቀዱበት።

በዚያው ሰሞን ነው ፕሮግራሙ መታወክ የጀመረው። አንዳንድ ቀን ሥራውን ሲጨርስ ትርጉሙ የማይገባኝ የእንግሊዝኛ መልእክት ያወጣል። ለሸጠልን ድርጅት ስልክ ስደውል «የታወቀ ችግር ነው፣ ማሻሻያ እንልክላችኋለን» አሉኝ። ፖስታው እስኪመጣ ድረስ መልእክቱን በመጣ ቁጥር እያየሁ ዘጋሁት።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ ጀመርኩ። መመሪያው ግልጽ ነበር። መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ፣ ከዚያ በየኮምፒውተሮቹ ላይ ይጫናል። ከሁሉም በፊት ግን የቴፖቹን ማውጫ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል ይላል። ማውጫው የትኛው ፋይል በየትኛው ቴፕ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር ነው። ዓረፍተ ነገሩን አንብቤዋለሁ። አላየሁትም ብዬ ሰው ማታለል እችል ነበር፣ ራሴን ግን አልችልም፤ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። ሆኖም የሰርቨሩ ዲስክ ሞልቶ ነበር። ማውጫውን በኔትወርኩ ወደ ሌላ ማሽን ለማዛወር ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መብራት ደግሞ በዚያ ሳምንት ከቀትር በፊት ነበር የሚሄደው። ጭኜ ከጨረስኩ በኋላ እገለብጠዋለሁ ብዬ አለፍኩት።

ሰርቨሩ ላይ ያለው በአሥር ደቂቃ አለቀ። «ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ አየሁና ወደ ኮምፒውተሮቹ ሄድኩ። ያላወቅኩት ነገር፣ ፕሮግራሙ መስኮቱን ከዘጋ በኋላም ከጀርባ ሆኖ የድሮውን ማውጫ ወደ አዲሱ ዓይነት እየቀየረ መሆኑን ነው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ኮምፒውተር በሰላም አለፉ። አራተኛው ላይ ግማሽ ያህል እንደሄደ መብራት ተቋረጠ። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት የነበረበት ባትሪ አንዴ ጮኸና እሱም ጸጥ አለ።

መብራቱ ከምሳ በኋላ ተመለሰ። የኡስታዝ ኮምፒውተር አልተነሳም። ጆሮዬን አስጠግቼ ሳዳምጥ ከውስጡ ጥፍር ጠረጴዛ የሚመታ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ዲስኩ ተበላሽቷል። ያኔ እንኳ ብዙ አልደነገጥኩም፤ ቴፖቹ አሉና። ሰርቨሩን አስነስቼ ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ማውጫው ባዶ ነው። ዘግቼ ከፈትኩት። ባዶ ነው። ቴፖቹን አንድ በአንድ እያስገባሁ ሞከርኩ፤ ስለ ሁሉም የሚለው «የማይታወቅ ቴፕ» ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ኡስታዝ ሐሙስ ጠዋት መጡ። «ማሽኑ ምን ሆነ?» ሲሉኝ «ጥገና ላይ ነው» አልኳቸው። ዓርብም ያንኑ አልኩ። በመካከሉ ቴሌ ሄጄ ተራ ጠብቄ አዲስ አበባ ፕሮግራሙን ወደ ሸጠልን ድርጅት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ባለሙያ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣

«ከመጫንሽ በፊት ማውጫውን ገልብጠሽ ነበር?» አለኝ።

«ጭኜ ስጨርስ ልገለብጠው ነበር» አልኩ።

«ገባኝ» አለ። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እያንዳንዱን ቴፕ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ማውጫውን እንደገና ማውጣት ይቻላል። ግን ለአንድ ቴፕ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ በመሃል መብራት ከጠፋ ደግሞ ከመጀመሪያው ነው። ጄኔሬተር አላችሁ?»

ጄኔሬተሩ የሚነሳው ኃላፊው ሲፈቅድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ለኃላፊው ነገርኩ። እሱም «መጽሐፉ ማተሚያ ቤት የሚገባበት ቀን ተቆርጧል። ታውቂያለሽ አይደል?» አለ። ነዳጁን ፈቀደልኝ። ልወጣ ስል፣ «ለኡስታዝ ግን አንቺው ንገሪያቸው። እኔ አልችልም» አለኝ።

ኡስታዝን ያገኘኋቸው ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ነው። ፊቴን ሲያዩት ወንበር ሳቡልኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። በእርሳስ ያሰመርኩበትን ዓረፍተ ነገር እንኳ አልደበቅኩም። ስጨርስ መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ቃላቱ ይገኛል?»

«ቴፖቹ ከተነበቡ ብዙው ይገኛል።»

«የመንጌው ሴትዮ ድምፁስ?»

ስለዚህች ሴት እስካሁን አላነሳሁምና ልንገራችሁ። ሴትየዋ መንጌ አጠገብ ዕድሜዋን ሙሉ ከወንዝ ዳር ወርቅ ስታጥብ የኖረች አሮጊት ናት። አሸዋው፣ ውኃው፣ የእንጨት ገበታው፣ ወርቁ ሲታይና ሲጠፋ የሚባለው፣ ለሁሉም ቃል ነበራት። ኡስታዝ ሌላ ሰው ዘንድ ያላገኟቸው ቃላት ናቸው። በክረምቱ ሞታ ነበር። ድምፅዋ የነበረበት ካሴት ላይ የሆሞሻ ሽማግሌ ተቀድቶበታል። በላዩ ይቅዱበት ያልኳቸው እኔ ነኝ።

«እፈልገዋለሁ» አልኳቸው።

«ኢንሻአላህ» አሉና ተነሱ።

ቴፖቹን ማንበብ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀ። ጠዋት ጄኔሬተሩ ሲነሳ አንድ ቴፕ አስገባለሁ፤ እስከ ምሳ ይነበባል፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ። በመስኮቱ ላይ የፋይሎች ስም አንድ በአንድ ብቅ ሲል ኡስታዝ ከኋላዬ ቆመው ያነባሉ። አንዳንዴ ጄኔሬተሩ ሳል እንደያዘው ሰው ይንተባተባል። ሁለት ጊዜ ቆሞብን ከመጀመሪያው ጀምረናል። የአንደኛ ክፍሉ መጽሐፍ ተገኘ። ከመዝገበ ቃላቱም አብዛኛው ተገኘ። የሆሞሻ ሽማግሌዎች ድምፅ ሁሉ ተገኘ።

የመጨረሻው ቴፕ ሲያልቅ የአሮጊቷ ድምፅ ግን አልነበረም። ድምፅዋ የገባበትን ቀን ከቴፖቹ ቀን ጋር አስተያየሁ። ያ በመጣ ቁጥር እያየሁ የዘጋሁት መልእክት ምን ይል እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ አራተኛውን ኮምፒውተር ማግኘት አልቻልኩም፣ ዘልዬዋለሁ ነበር የሚለው። ድምፅዋና የቃሎቿ ዝርዝር በተዘለሉት ቀናት ውስጥ የገቡ ናቸው። ቴፕ ላይ ኖረው አያውቁም። ያልተነሳው ዲስክ አዲስ አበባ ተልኮ ነበር፤ ምንም አይወጣበትም ተብሎ ተመለሰ።

ለኡስታዝ ስነግራቸው «ኸላስ» አሉ፤ በቃ ማለታቸው ነው። ትንሽ ቆይተው ግን «ልጅ አለው። ሴት ልጅ። እሱም ወርቅ ያጥባል። እንሂድ» አሉኝ።

በቢሮው መኪና ወደ መንጌ ወጣን። ኡስታዝ በአንድ መንገደኛ አስቀድመው እንመጣለን ብለው ልከው ነበር። ስንደርስ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው በረድፍ ተቀምጠዋል። የአሮጊቷ ልጅ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ነበረች። ተነስታ ተቀበለችንና ወደ መኪናው ውስጥ አየች። ከዚያ ወደ እጄ አየች። ኡስታዝ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምንድን ነው?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ድምፁን ይዘን የመጣን መስሎት ነው። ባለፈው አመጣልሃለሁ ብዬው ነበር። ሊሰሙ ነው የተሰበሰቡት።»

ወደ መኪናው ተመልሼ መግባት ነበር የፈለግኩት። ኡስታዝ በቋንቋቸው መናገር ጀመሩ። ከሥራው ብዛት ጥቂት ቃል ለምጄ ስለነበር «ጠፋብን» ሲሉ ሰማሁ። ጠፋብን።

«ኡስታዝ፣ እኔ እንዳጠፋሁት ይንገሯት።»

«ነግሬዋለሁ» አሉኝ ሳያዩኝ። አልነገሯትም ነበር።

ስለዚህ ራሴ ተናገርኩ። ባለችኝ ቁራጭ ቋንቋ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ እኔ ነኝ አልኩ። አንዲት ጎረቤት ተነስታ ልጇን ይዛ ሄደች። ሌሎቹም ተከተሉ። የአሮጊቷ ልጅ ግን አልሄደችም፣ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ምንጣፉ ላይ እንድቀመጥ አመለከተችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

ኡስታዝ ተረጎሙልኝ። «አንተ ሰምተኸዋል ወይ ይላል። ድምፁን። ወደ ማሽን ስታስገባ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን ይመስል ነበር ይላል።»

ሰምቻለሁ ማለት እውነት ነው። ካሴቱ ሲገለበጥ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የወር ሪፖርት እየጻፍኩ ነበር፤ ቋንቋውም በደንብ አይገባኝም፤ የማዳምጠው ድምፁ አለመቆራረጡን ብቻ ነበር። አሁን ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር ለማውጣት ታገልኩ። ከመናገሯ በፊት ጉሮሮዋን እንደምትጠርግ አስታወስኩ፤ ነገርኳት። ኡስታዝ አንድ ነገር ጠይቀዋት ረጅም ሳቅ እንደሳቀች አስታወስኩ፤ ነገርኳት። በስተኋላ ዶሮ ይጮህ ነበር አልኳት። ከዚህ ሌላ ምንም አልነበረኝም። እሷ ግን ሌላም እንዳለኝ ሁሉ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ጠበቀች። ከዚያ ጥያቄዋን ደገመችው። ያንኑ ደግሜ ነገርኳት፤ ጉሮሮዋን፣ ሳቋን፣ ዶሮውን። ሦስተኛም ጊዜ ጠየቀችኝ።

ከሰዓት በኋላ ወንዝ ዳር ወሰደችን። ገበታዋን ውኃው ውስጥ እያዞረች ኡስታዝ የሚጠይቋትን ቃል ትነግራቸዋለች። እሳቸው ይቀርጻሉ፤ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በደብተር እጽፋለሁ። አንዳንዱን ወዲያው ትመልሳለች። አንዳንዱ ላይ ገበታውን አቁማ ታስብና ራሷን ትነቀንቃለች። «እናቴ ነበረች የምታውቀው» ትላለች።

መጽሐፉ በቀኑ ማተሚያ ቤት ገባ። መዝገበ ቃላቱ ዘግይቶ ወጣ፤ የወርቅ ማጠብ ቃላት ያሉበት ገጽ ከሌሎቹ አጭር ነው። ኃላፊው በማኅደሬ ማስጠንቀቂያ አስገባልኝ፤ ተገቢ ነበር። ኡስታዝ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚያው ክፍል አብረን ሠራን። ያን ነገር አንድም ቀን አላነሱብኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የአሮጊቷ ልጅ መንጌ ገበያ አግኝታቸው እንደነበር ነገሩኝ።

«ምን አለችዎት?» አልኳቸው።

«ስላንተ ጠየቀኝ» አሉ። «ያ ሰውዬ ሌላ ነገር አስታውሶ እንደሆነ።»

አላስታወስኩም ነበር። እስካሁንም አላስታወስኩም።