ለዳኛው ሲባል የፈላ ውሃ

የያዙኝ አስተምሬ ስወጣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ነው። የዚያን ቀን ያስተማርኩት ስለ ድሮ የእንግሊዝ ከተሞች ነበር። ወረርሽኝ ሲገባ የታመመ ሰው ያለበትን ቤት ከውጭ ይቆልፉና በሩ ላይ ቀይ መስቀል ቀብተው ጤነኛውን ከበሽተኛው ጋር ይዘጉበት ነበር። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፦ ላብ፣ የሽንት ባልዲ፣ የታሸ ዳማ ከሴ። ሰው በጎን በጎኑ ተደርድሮ ተኝቷል። ሁሉም ያካል። እስረኞቹን እንዲቆጣጠር የተሾመው እስረኛ፣ ካቦው፣ በሩ አጠገብ ቦታ ሰጠኝና «መምህር፣ እዚህ ትንሽ ነፋስ ታገኛለህ» አለኝ። ሹፌር ነበር። ለምን እንደታሰረ እሱም በቅጡ አያውቅም።

ከጎኔ የተኙት ሽማግሌ ትኩሳት ይዟቸዋል። ደረታቸው ላይ ሽፍታ ወጥቷል፤ በጋቢያቸው ጥለት ቅማል ይርመሰመሳል። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ስለ ድሮ እስር ቤቶች ትኩሳት ለዓመታት ሳስተምር ኖሬያለሁ።

«ተስቦ ነው» አልኩ። «ቅማሉ ነው የሚያስተላልፈው። ልብሳችንን መቀቀል አለብን።»

«ምች ነው» አለ ካቦው። «ዳማ ከሴ ይበቃዋል።»

«ምች ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል እንዴ?»

«ቅማል የሌለበት እስር ቤት የት አይተሃል? ይኸው እኔን ምን ነካኝ?»

በየጠዋቱ ይኸው ጭቅጭቅ ነው። እሱ ቅጠሉን ያሻል፤ እኔ አፌ እስኪደርቅ እለፈልፋለሁ። አንዳንዴ ከመርማሪዎቹ ይልቅ የሚያንገበግበኝ እሱ ነበር።

ሌሎችም ሲታመሙ ለዘበኛው ነገርኩት። ፀሐይ መሞቅ ተከለከልን። በሩ ተዘጋ፤ ከውጭ በጠመኔ የኤክስ ምልክት ተደረገበት።

«ጤነኞቹስ?» አልኩ በበሩ ቀዳዳ።

«ትእዛዝ ነው።»

ሳቄ መጣ፤ ግን አብሮኝ የሚስቅ አልነበረም። ውሃ ለመንን፤ ሳሙና ለመንን። «ይነገራል» ይሉናል። ለማን እንደሚነገር አናውቅም፤ የሚመጣም የለም። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ስሰማው ያመኛል።

የፍርድ ቤት ቀጠሯችን ሲደርስ ኃላፊው አፍንጫውን በመሐረብ ሸፍኖ መጣና መራመድ የሚችል ሁሉ እንዲዘጋጅ አዘዘ። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ይውሰዱን» አልኩት። «ድሮ እንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ ትኩሳት ያለባቸውን እስረኞች ችሎት አቅርበዋቸው ዳኞቹ ናቸው የሞቱት። አጅቦ የመጣው ሹም እንኳ አልቀረ።»

«አጅቦ የመጣው?»

«እሱም።»

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ውሃ በበርሜል ፈላ። ለእኛ ሲባል አንድ ጣሳ ያልተገኘ ውሃ ለዳኛው ሲባል ተገኘ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ተናደድኩ።

ልብሳችንን እያወለቅን ስናስረክብ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጥብቀው ያዙ።

«አባባ፣ ይስጡኝ። ተቀቅሎ ይመለስልዎታል።»

«ልጄ፣ ልጆቼ በሚሆኑ ሰዎች ፊት ራቁቴን አልሆንም። እንደለበስኩ ልሙት።»

ስለ ቅማሉ አስረዳኋቸው፤ ለመንኳቸው። ፊታቸውን አዞሩብኝ። ካቦው ከማዶ ሲያየን ቆየና ወደ ግድግዳው ዞረ። አጠገቡ ያለውም ዞረ። ከዚያ ሁሉም። ዘበኛው እንኳ ወደ ግቢው ተመለከተ። ሽማግሌው ክፍሉን ቃኙና ጋቢውን ለቀቁልኝ። አጠብኳቸው።

ሽማግሌው ተረፉ። ካቦው ግን በሽታው ቀድሞ ገብቶበት ኖሮ በሳምንቱ ወደቀ። ሽፍታው ሲወጣበት አየሁ፤ የቅማሉን ነገር ግን አላነሳሁበትም። ወደ ክሊኒክ ሊወስዱት ሲያነሱት እጄን ያዘኝ።

«መምህር፣ አሸነፍከኝ መሰለኝ።»

«ምች ነው» አልኩት።

ሳቀ። ከወሰዱት በኋላ አልተመለሰም።

አሁን የምኖረው በስደት፣ ባሕር ማዶ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር ነው። በቀደም ከእህቴ ልጅ ጋር ወደ ሳብዌይ ባቡር ጣቢያ በሚሄደው ባስ ተሳፍረን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ታጠናለች፤ ስለ እነዚያው የድሮ የእንግሊዝ ከተሞች ኤሴይ እየጻፈች ነው።

«አጎቴ፣ በሽታ ከመጥፎ ሽታ ነው የሚመጣው ይሉ ነበር። ሶ ስቱፒድ» አለችኝ።

«ስቱፒድ አይደሉም» አልኩ፣ ካሰብኩት በላይ ጮክ ብዬ። ሰው ዞር ብሎ አየን።

«ኦኬ፣ ኦኬ። ምን አጠፋሁ?»

ጣቢያው ስንደርስ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ስለ ካቦው ነገርኳት። ባቡሩ መጣ፤ አልተነሳችም። ሌላውም መጥቶ ሄደ።

«ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ።

ነገርኳት።