ኦረስት የደበቁት ቁጥር

ነርሷ ቨርና ዳኒሉክ በካናዳዋ ሳስካችዋን፣ በትንሿ ከተማችን ሆስፒታል የካንሰር መድኃኒት መስጠት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እኔ እዚያው ካርድ ክፍል ነኝ። የገበሬ ልጅ ስለሆነች ለገበሬ ማስረዳት ከሐኪሞቹ ሁሉ ይልቅ ታውቅበታለች። ኦረስት የሚባሉ የስድሳ ስድስት ዓመት የስንዴ ገበሬ፣ የአንጀታቸው ካንሰር ወደ ጉበታቸው ዘልቆ ሲመጡ፣ ከመኪናዋ ከሁለት ክር የተገመደ የድርቆሽ ማሰሪያ ሲባጎ አምጥታ ፊታቸው ከመሀል መፍታት ጀመረች።

ሁለቱን ክሮች ስትለያያቸው ከፊት ያለው ይበልጥ ይከርርና ይቋጠራል። ሕዋስም ሊከፋፈል ሲል የዲኤንኤውን ክር እንዲሁ ይፈታል አለቻቸው። ሲከርርበት አንድ ኢንዛይም አንዱን ክር ቆርጦ ያላላውና መልሶ ይቀጥለዋል። ኢሪኖቴካን የሚባለው መድኃኒት ቁርጡ ላይ ተቀርቅሮ መቀጠሉን ይከለክላል፤ ሕዋሱ ክሩን እየቀዳ እዚያ ሲደርስ ክሩ ጨርሶ ይበጠስበትና ይሞታል።

«ካንሰሩን ከሌላው በምን ይለየዋል?» አሉ ኦረስት።

«አይለየውም» አለች ቨርና። «ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈለውን ነው የሚያገኘው። የአንጀትዎ ሽፋንም፣ ነጭ የደም ሕዋስዎም እንደዚያው ናቸው።»

ስለዚህ ተቅማጥ እንደጀመራቸው የተቅማጥ ማቆሚያውን ኪኒን ወዲያው እንዲውጡና እንዲደውሉ አስጠነቀቀቻቸው።

እኛ ዘንድ እንዴት ነህ የተባለ ሁሉ መልሱ «ምንም አይል» ነው። እግሩ የተቆረጠውም፣ ሚስቱ የሞተችበትም ምንም አይል ይላል። ያናድደኛል። ቨርና ይህን ስለምታውቅ ቁጥር ነው የምትጠይቀው፤ ስንት ጊዜ ሽንት ቤት ሄዱ፣ ስንት ብርጭቆ ውኃ ጠጡ።

ከሦስተኛው የመድኃኒት ዙር በኋላ በስድስተኛው ቀን፣ ሰኞ ዕለት፣ ከእኔ ክፍል ስልክ ደወለችላቸው። አጨዳ ላይ ነበሩ። ምንም አይል አሏት። «ጥሩ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ቁጥሩን ሳትጠይቅ መቅረቷ ገረመኝ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሚስታቸው ሌሲያ ደወሉ። እርሻው ድረስ የሚወስዱት ምግብ ከእሑድ ጀምሮ ሳይነካ ይመለሳል። የሚያጭዱበት ኮምባይነር በየጥቂቱ ይቆማል፤ ምን ሆነህ ሲሏቸው ማሽኑ ነው ብለው ይቆጣሉ። ቨርና ይህን ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። ሐኪሙ አሁኑኑ ይምጡ አለ። ያለችን አንድ አምቡላንስ ሌላ በሽተኛ ይዛ ወጥታ ስለነበር በቨርና መኪና ከነፍን። አርባ ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ነው።

ኮምባይነሩ እርሻው መሀል ሞተሩ እንደተነሳ ቆሟል። ቨርና መሰላሉን ወጣች። ኦረስት ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ግንባራቸው እንደ እሳት እየፈጀ፣ መሪውን ጨብጠው ተቀምጠዋል።

«ስንት ጊዜ?» አለቻቸው።

«ተይኝ ልጄ፣ ይቺን ጥግ ልጨርስ።»

«ኦረስት፣ ስንት ጊዜ?»

«ብነግርሽ መድኃኒቱን ትቀንሱብኛላችሁ።»

«አዎ፣ ይቀነሳል።»

እጃቸውን ከመሪው አነሱ። እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ ነበር።

«ዛሬ ብቻ አሥራ አራት» አሉ በመጨረሻ።

ተሸክመን ነው ማለት ይቻላል ያወረድናቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ ነጭ የደም ሕዋሳቸው ተሟጦ፣ የደም ግፊታቸው ወርዶ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ይተርፉ አይተርፉ የሚያውቅ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ዓይናቸውን ገለጡ። ሐኪሙ የሚቀጥለው መጠን በሩብ እንደሚቀነስ ሲነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። ያን ያህል ተናድጄባቸው ከርሜ፣ እንባቸውን ሳይ የምገባበት ጠፋኝ።

ቨርና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ሰኞ ዕለት ቁጥሩን ያልጠየቅኩዎት ረስቼ አይደለም» አለች። «ድምፅዎን ስሰማ ጠርጥሬ ነበር። ብጠይቅ መድኃኒቱ እንደሚቀነስብዎት አውቅ ነበር። ጉበትዎ ላይ ያለው ካንሰር እየቀነሰ ነበር፤ ሙሉውን መጠን እንዲያገኙ እኔም ፈለግኩ። ልገድልዎት ነበር።»

ደነገጥኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቨርና መልሱን ፈርታ ሳትጠይቅ ስትቀር አይቼ አላውቅም። ኦረስት ቀስ ብለው ዞሩና አዩዋት።

«ከእንግዲህ ጠይቂኝ» አሉ። «እኔም እነግርሻለሁ።»