ሳይገባ የተመለሰው ኢሜይል

መተማ ዮሐንስ በነበረ አንድ የጤና ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሮቹን የምከታተለው እኔ ነበርኩ። የኢንተርኔት መስመራችን ቀርፋፋ ነው፤ እሱኑ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የማናውቃቸው ሰዎች የሚልኩት የሎተሪና የመድኃኒት ማስታወቂያ ያጨናንቀዋል። ሥራ አስኪያጁ ተማርረው "ኧረ አንድ ነገር አድርግልን!" አሉኝ።

እኔም ውጭ አገር የሚዘጋጅ አንድ ጥቁር መዝገብ ከሰርቨራችን ጋር አገናኘሁ። አይፈለጌ መልእክት ይልካሉ የተባሉ አድራሻዎች የሚሰፍሩበት ነው፤ እዚያ ላይ ካለ አድራሻ የመጣ ኢሜይል ሳይገባ ይመለሳል። በማግስቱ መስመሩ ቀለል አለ፤ ሁሉም አመሰገነኝ። መዝገቡን ማን እንደሚሞላው፣ በስህተት የገባውን ማን እንደሚያወጣው አልጠየቅሁም።

በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው፣ ገለጉ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ በጭነት መኪና ተሳፍራ መጣች። ምጥ የጠናባቸው እናቶች ዓይኗ እያየ ሲሞቱባት አንጀቷ ያረረ ሴት ነበረች። ውጭ አገር ላለ የአዋላጅነት ትምህርት ቤት ማመልከቻዋን በቢሮው አድራሻ ላክንላት።

"መልሱ ሲመጣ ደውልልኝ፤ አደራ" ብላኝ ተመለሰች።

ዝናቡ ገባ። ኔትወርክ ባገኘች ቁጥር ትደውላለች።

"ወንድሜ፣ ምንም የለም?"

"የለም፣ ሲስተር።"

አንድ ቀን "እስቲ ደህና አድርገህ ፈልግልኝ" አለችኝ። ሥራዬን የተጠራጠረችኝ መስሎኝ ቅር አለኝ። "የለም አልኩሽ እኮ!" አልኳት። ከዚያ በኋላ መደወሏን ቀነሰች።

መስከረም ላይ ሰርቨሩ ስለሞላ አሮጌ ፋይሎች ሳጠፋ፣ ከተመለሱት ኢሜይሎች ዝርዝር ውስጥ የትምህርት ቤቱን አድራሻ አየሁ። ሦስት ጊዜ ጽፈዋል፤ ሦስቱም ተመልሷል። በራሴ ኢሜይል ጻፍኩላቸው። ተቀብለዋት እንደነበር መለሱልኝ፤ የጎደላት አንድ ማስረጃ ብቻ ነበር። አድራሻዋ የማይሠራ መስሏቸው ቦታውን ለሌላ ሰጥተውታል። እነሱ ምንም አላጠፉም፤ ሰርቨር የሚጋራቸው ሌላ ድርጅት በላከው አይፈለጌ መልእክት ነው አብረው የተመዘገቡት። በኋላም የመዝገቡ አዘጋጆች ራሳቸው ከዝርዝሩ አውጥተዋቸዋል።

ይህን በስልክ መንገር አልሆነልኝም። መንገዱ ሲከፈት ገለጉ ሄድኩ። ከማዋለጃ ክፍል እጇን እያደራረቀች ወጣች፤ ሁሉንም ነገርኳት።

"ታዲያ የመለስከው አንተ ነህ?"

"ኮምፒውተሩ ነው" ልል ነበር። "አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኳት።

"እኔ እኮ ያልፈለጉኝ መስሎኝ" አለች፤ "ምን ጎደለኝ እያልኩ ክረምቱን ሙሉ ራሴን ስበላ ከረምኩ።"

ቢሮ ስመለስ አሠራሩን ቀየርኩ፤ የተጠረጠረ ኢሜይል ለብቻው ይቀመጣል፣ እኔ አንድ በአንድ አየዋለሁ። እሷ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመለከተች፤ አልተሳካላትም። ከዚያ ወዲያ ተወችው። አሁንም እዚያው ጤና ጣቢያ ታዋልዳለች። ስንገናኝ በፈገግታ ሰላም ትለኛለች፤ ቶሎ የምሰናበተው እኔ ነኝ።