ወለል ላይ የሚስሉት አጎቴ

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የኤሌክትሪክ ቦርዶችን የሚያነጋግረውን የመረጃ ገመድ ከመዘርጋታቸው በፊት መስመሩን ወለል ላይ በጠመኔ ይስሉ ነበር። በበደሳ ከተማ፣ አንድ ቡና መፈልፈያ ውስጥ ረዳታቸው ሆኜ ስሠራ፣ መሐንዲሱ «ጋሼ፣ የንድፍ ወረቀቱ እያለ ጠመኔ?» ብሎ ሳቀባቸው። እሳቸው ለአምስቱ ቦርዶች አምስት ሣጥን ስለው በተርታ በመስመር አያያዟቸው፤ ሁለተኛውን፣ ተበላሸ እንበል ብለው፣ በመዳፋቸው አጠፉት።

«ከዚህ ወዲያ ያሉት መልእክታቸውን በየት ያደርሳሉ?» አሉኝ።

«መንገድ የላቸውም። መጨረሻውን ከመነሻው እንግጠመው፤ ዞሮ ይደርሳል።»

«ሰማህ?» አሉት መሐንዲሱን። «እሱ እንዳለው ይሁን።»

ማንበብ እንደማልችል የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለማንም አልተነፈሱም፤ ለእኔ ሲሉ መሳቂያ ሆኑ። ፊደል የቆጠርኩት ዘንድሮ፣ በአርባ ዓመቴ ነው። ትናንት ጭሮ ከተማ ላይ የሥራ ንድፍ ሰጡኝ፤ ራሴ አነበብኩት። ልነግራቸው ስልኬን አውጥቼ ቁጥራቸውን ፈለግሁ። በሁለት ወር ዘግይቻለሁ።