ከግራ የሚመጡት ድንጋዮች

ስልኬ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ እስከ ዛሬ እጄን እሰበስባለሁ። ስልክ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያ የታፈነ ንዝረት፣ በእንጨቱ አልፎ ክንዴ ድረስ የሚመጣው፣ መጀመሪያ የሚነግረኝ ሌላ ነገር ነው። የጌም ጆይስቲክ እንደዚያ ነበር የሚንቀጠቀጠው፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ስትሞት፣ በያዘው ሰው መዳፍ ውስጥ።

ልንገራችሁ። ያኔ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ እሰፋ ነበር፤ ኮሌታ ነበር የኔ ድርሻ። ከፈረቃ ስወጣ የሠራተኞች ሰርቪስ ጎሮ ላይ ያወርደኛል። ታላቅ ወንድሜ በዚያው መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ ወደ ማምሻው ላይ መኪናውን አቁሞ የሚጠብቀኝ ከአስፋልቱ ገባ ብላ በምትገኝ ጌም ቤት ነው። ከዚያ የመጨረሻውን ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ሰሚት፣ ወደ ቤታችን ይዞኝ ይሄዳል። ጨዋታው ካላለቀ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አልቆ ደግሞ አያውቅም።

ቤቷ በቆርቆሮ የተሠራች ነበረች። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን መጋረጃ ገለጥ ስታደርጉ የጋለ ፕላስቲክና የሚጥሚጣ ሽታ ይቀበላችኋል፤ ባለቤቷ ደጃፉ ላይ ድንች ይጠብሱ ነበርና። ከወሎ የመጡ፣ ቁጣቸውም ሳቃቸውም ቅርብ የሆነ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ኳስ የሚጫወቱት መሃሉን ይዘው ይጯጯሃሉ። ጥጉ ላይ ያለው ቴሌቪዥን ግን የእኛዎቹ ነበር፤ የ"ድንጋዮቹ"።

ጌሙ ረጅም የእንግሊዝኛ ስም አለው፤ እዚያ ቤት ግን በስሙ የጠራው ሰው አላውቅም። አንዲት ሴት አለች፣ ከኋላዋ፣ በትከሻዋ ላይ እያያችሁ ትመሯታላችሁ። ጠብመንጃዋ አይገድልም። የሚመጡባትን የድንጋይ ሐውልቶች ባሉበት ቀጥ ያደርጋቸዋል፣ በቃ። እንቆቅልሹም እዚያው ላይ ነው። ድንጋዩን በትክክለኛው ቦታ ካቆማችሁት ድልድይ ይሆናችኋል፣ ወይም ሊዘጋ ያለ በር ደግፎ ይይዝላችኋል። ካልሆነ መንገዳችሁን በገዛ ጥይታችሁ ዘጋችሁት ማለት ነው።

ቤቱ ደግሞ የራሱ ሕግ ነበረው። ጨዋታው የሁሉም ነው፤ አንዱ በሞተበት ሌላው ይቀጥላል። ታዲያ የሞተ ሰው ጆይስቲኩን ከማስረከቡ በፊት ይናዘዛል። ለምን እንደሞተ በአንድ ቃል ተናግሮ ነው የሚነሳው፣ ቀጣዩ እንዲማርበት። "ቸኮልኩ።" "በሩን ሳላይ ተኮስኩ።" ዋሽቶ የተናዘዘ ተራው ይዘለላል። የመጀመሪያውን ክፍል ቤቱ በሙሉ እንደ አንድ ሰው ሆኖ የጨረሰው በዚህ ሕግ ነው። ከሁሉም ያነሰ ጊዜ የተናዘዘው ወንድሜ ነበር፤ እምብዛም አይሞትማ።

ከዚያ ክፍል ሁለት መጣ።

የዚያን ቀን ደንግጠን ነው የተበተንነው። በመጀመሪያው ክፍል ድንጋዮቹ እስክታስቡ ይጠብቁ ነበር፤ በሁለተኛው አይጠብቁም። እናንተ በሩን ስታሰሉ እነሱ ከግራም ከቀኝም በጎን በኩል ይገባሉ። ያን ሁሉ እንቆቅልሽ የፈታ ቤት የመጀመሪያውን ኮሪደር ማለፍ አቅቶት፣ እየተቀባበለ ሞተ።

አስተያየቱ ከጌሙ ይብስ ነበር። እዚያ ሰፈር ጫማ የሚነግድ አንድ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ሲያስብ ውሎ ማታ ሌላ ሐሳብ ሊከመርበት እንደማይፈልግ፣ የመጀመሪያው ያዝናና እንደነበር፣ ይሄኛው ግን የፈተና ክፍል እንደሆነ ለሰማውም ላልሰማውም ያስረዳል። አንድ የምህንድስና ተማሪ ነበር፣ ከእርሱ ጋር ዕለት ዕለት ይጨቃጨቃል፤ የመጀመሪያው መለማመጃ ነበር፣ እውነተኛው ጨዋታ ገና አሁን ነው የጀመረው ይላል። እትዬ ጆይስቲክ በተወረወረ ቁጥር ከደጅ ብቅ ይላሉ። "ወላሂ፣ ይሄን የሠራው ሰው የሚያሳድገው ልጅ የለውም፤ ቢኖረው ለሰው ያዝን ነበር" አሉ አንዴ። ተማሪው ሳይቀር ሳቀ።

የወንድሜ አስተያየት ግን የሌላ ዓይነት ነበር። ከበደኝ አላለም። ጌሙ ሌባ ነው አለ። ድንጋዮቹ ከየትም ነው የሚመጡት፣ ባዶ ከነበረ ቦታ፣ ሳይታዩ። ሠሪዎቹ ሆን ብለው አጨልመውታል። በተለይ ከግራ። ኑዛዜው ሁልጊዜ አንድ ሆነ፤ "ከግራ መጣብኝ፣ አልታየኝም።" ቤቱ ተማረበት፤ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ "ከግራ!" ብለው ይጨርሱለት ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል። ሌላው ሰው ሲናዘዝ ግን ሳቁን ትቶ አንገቱን ቀና አድርጎ ያዳምጣል። ያኔ ትምህርት እየወሰደ ነበር የመሰለኝ።

ተማሪው ጉዳዩን ሊተወው አልቻለም። ድንጋይ ከመግባቱ በፊት ጥላው ግድግዳው ላይ ይታያል፣ ጌሙ አስጠንቅቆ ነው የሚገድለው እያለ ይሟገታል።

"የምን ጥላ?" አለ ወንድሜ።

"ሹፌሬ፣ ይህን የሚያህል ጥላ። ጠርዙ ላይ።"

"ጥላ የለም። ከራስህ ፈጥረህ ነው።"

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተማሪው ወንበሩን እየጎተተ መጥቶ ከወንድሜ በስተቀኝ ተቀመጠ። ዛሬ አጠገብህ ሆኜ ጌሙ ይሰርቅህ እንደሆነ አያለሁ፣ ከዚህ በኋላ ክርክር የለም አለ። ያ ቦታ የረዳቱ ነበር። የወንድሜ ረዳት ለዓመታት አብሮት የሠራ፣ ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ሲጮህ ስለሚውል ጌም ቤት ውስጥ ቃል አይወጣውም። አይጫወትም፤ ከወንድሜ በስተቀኝ ተቀምጦ ማየት ብቻ። ያን ቀን ሲገባ ቦታው ተይዞ አገኘው። ትንሽ ቆመ፣ አመነታ፣ ከዚያ ዞሮ በግራ በኩል ተቀመጠ።

ወንድሜም ጀመረ። አንዱ ድንጋይ ከግራ መጣ፣ አቆመው። ሌላው ከግራ መጣ፣ አቆመው። ለሳምንታት የሞተበትን ኮሪደር አለፈ፣ ቤቱ አጨበጨበ፣ ኳስ የሚጫወቱት እንኳ ዘወር አሉ። በሩ ጋ ደረሰ። ከቀኝ በኩል አንድ ግዙፍ ድንጋይ ብቅ አለ። መጀመሪያ ጥላው፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ሙሉው። ሁላችንም አየነው። ጆይስቲክ ነክቼ የማላውቀው እኔ እንኳ አየሁት፤ አሁን ይተኩሳል ብዬ ጠበቅኩ። ወንድሜ በሩን ያያል። ድንጋዩ ስክሪኑ መሃል ድረስ ሄዶ ሴትየዋን ሲጫናት ነው በወንበሩ ላይ የዘለለው። ጆይስቲኩ እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ።

"ከቀኝ መጣብኝ" አለ። "አልታየኝም።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዛሬ ደግሞ ጎኑን ቀየረ፣ ሌባው ቤት ለወጠ፣ የማይባል ነገር የለም። ተማሪው ብቻ አልሳቀም፤ አንዴ ስክሪኑን አንዴ ወንድሜን ያያል። እኔ ዓይኔ የወደቀው ረዳቱ ላይ ነው። ከንፈሩ ገና እየተንቀሳቀሰ ነበር። ለወንድሜ ጆሮ ብቻ በሚደርስ ሹክሹክታ "ግራ፣ ግራ ላይ ነው" ሲል የነበረ ከንፈር፣ እንዴት እንደሚዘጋ እንደጠፋው። ቀና ሲል አየኝ። ወዲያው አቀረቀረ።

ተነስቼ ወጣሁ፤ ረዳቱ ተከተለኝ። በእትዬ የዘይት ምጣድ አጠገብ ቆመን፣ መንገድም ላይ እንዲሁ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አዎም አይደለምም አላለኝም። ከክረምት ወዲህ መሆኑን፣ ቀኙን እሱ ከበሩ ላይ እያየ እንደሚነግረው፣ ግራውን ወንድሜ ራሱ አንገቱን እያዞረ እንደሚያይ፣ ለማንም እንዳይናገር በልጆቹ እንዳስማለው በተቆራረጠ ድምፅ ነገረኝ። "እኔም እፈራለሁ" አለ። "ግን ማን አምጥቶ ነው መሪ ላይ የሚያስቀምጠኝ እኔን? እሱ ከወረደ ሁለታችንም እንወርዳለን።"

ከዚያ፣ እመኑኝ፣ ተሳፈርኩ። ምን ላድርግ? መኪናው ሞልቶ ነበር። ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ያለውን ቦታ ያዝኩ። አጠገቤ ሕፃን ያቀፈች እናት ነበረች፤ የልጁ ትንሽ እግር ጉልበቴን ይነካኛል። ረዳቱ ከበሩ እየተንጠለጠለ "ነፃ ነው፣ ና! ያዝ፣ ቀኝ ላይ ሰው አለ!" ይላል። ስንት ዘመን የሰማሁት ጩኸት። ረዳት ሁሉ እንደዚያ ይጮኻል፣ ማንም ልብ አይለውም። የዚያን ቀን ግን እያንዳንዷ ቃል እንደ መርፌ ገባችኝ። የወንድሜ አንገት ግራ፣ ፊት፣ ግራ፣ ፊት ይላል። ሰሚት ስንደርስ ያቺ እናት "ተባረክ ሹፌር" ብላው ወረደች።

ረዳቱም ሄደ። ወንድሜ ኮንዶሚኒየሙ ሥር አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ሁለታችን ብቻ ቀረን። ከየመስኮቱ የሰው ወሬና የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ይወርዳል። ልነግረው ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ።

"የሞተ ይናዘዛል" አልኩት።

እጁ መሪው ላይ ነበር።

"ጎን ጎኑ የለም" አለ በመጨረሻ። "መሃሉ ጥርት ያለ ነው። አሁን ፊትሽ ይታየኛል። ጆሮሽ የለም።"

እጄን ወደ ጆሮዬ ወሰድኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

"የሁሉንም ኑዛዜ ለምን እንደማዳምጥ ታውቂያለሽ? አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ 'አልታየኝም' እንዲል ነበር። 'እኔንም ጌሙ ሰረቀኝ' እንዲል። ጥፋቱ የጌሙ ቢሆን ብዬ።"

"ማንም አላለም" አልኩት።

"አላለም። ቸኮልኩ ይላሉ፣ ተሳሳትኩ ይላሉ። ያላየ ሰው የለም።" መሪውን በመዳፉ ዳሰሰ። "ከዚህ ወንበር ከወረድኩ እኔ ማነኝ? እናታችን ለሰው ስታስተዋውቀኝ እንኳ 'ሹፌሩ ልጄ' ነው የምትለው።"

የዚያች እናት ልጅ እግር ጉልበቴን ይነካኝ እንደነበር ብቻ ነገርኩት። ወንድሜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ቁልፉን ነቀለና መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

ሐኪም ቤት አብሬው ሄድኩ። ሐኪሟ ትሑት ሴት ነበሩ፤ አልደባበቁንም። በዓይን ውስጥ ያለ ግፊት ነው፣ ሳያም ሳይቆረቁር ከጠርዝ ጀምሮ ይበላል፣ የሄደው አይመለስም፤ በጠብታ የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን አሉ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ጥላን አለማየትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል ወይ አላቸው። ግር ብሏቸው አዎ አሉት።

ጌም ቤቷ ዛሬ የለችም። ቦታው ላይ ፎቅ ተሠርቶበታል፣ ከታች መድኃኒት ቤት ነው፤ የወንድሜን ጠብታ የምገዛው እዚያ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እንግሊዝኛ በራሴ ታግዬ ነው የተማርኩት። አንዳንዴ ሰዎች ስለዚያ ጌም የሚጽፉትን አስተያየት ፈልጌ አነባለሁ። አሁንም ይጣላሉ። ግማሹ ከመጀመሪያው የሚበልጥ ድንቅ ነው ይላል፣ ግማሹ ተበላሸ ይላል። በቅርቡ አንዱ፣ ማን እንደሆነ የት እንደሚኖር እግዜር ይወቀው፣ ድንጋዮቹ ከየትም ነው የሚመጡት፣ አይታዩም ብሎ ጻፈ። ሌሎቹ ሲሳለቁበት አየሁ። ዓይንህን ተመርመር ብዬ ጻፍኩለት።

ወንድሜ ከሐኪም ቤት ማግስት ጌም ቤት ይዘሽኝ ሂጂ አለኝ። ገብቶ ጥጉ ላይ ካለው ቴሌቪዥን አጠገብ ቆመ። ተማሪው ጆይስቲኩን ዘረጋለት፤ ከጎን ስለዘረጋለት አላየውም። ተማሪው ቀስ ብሎ እጁን ወደ መሃል አመጣው። ወንድሜ ግን አልተቀበለውም።

"ጌሙ ሌባ አይደለም" አለ። "ጥላው አለ። የማላየው እኔ ነኝ።"

ማንም አልሳቀም። ጫማ ነጋዴው ወንበሩን ለቀቀለት፤ ስንት ጊዜ "ከግራ!" እያለ የቀለደበት ሰው እሱ ነበር። እትዬ ከደጅ ገብተው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው፣ ራሱን ዳሰሱት።

በዚያው ቀን ወደ ሰሚት የተመለስነው እሱ ይነዳው በነበረው ሚኒባስ ነው። ባለንብረቱ ሌላ ሹፌር ቀጥሮበት ነበር፣ ወጣት፤ ረዳቱ ግን ያው ነበር። "ጋቢና ግቡ" አለን፣ ዓይናችንን ሳያይ። እኔ መሃል ተቀመጥኩ፣ ወንድሜ መስኮቱ ጋ። በዚያች መኪና ውስጥ በዚያ በኩል ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ጉልበቱ ላይ አጣምሮ ያዘው።

ስንሄድ እግሩን አየሁት። ከፊት ያለው የጭነት መኪና ፍጥነት ሲቀንስ የወንድሜ ቀኝ እግር ወለሉን ይጫናል፤ ሹፌሩ ፍሬን የሚይዘው ከእሱ በኋላ ነው። ከኋላ "ወራጅ አለ" ሲባል የእሱ እግር ይቀድማል። ጉድጓዱን ሁሉ ያውቀዋል። ማንም ያላየውን ያን ፍሬን እየያዘ፣ ያን ሁሉ ሰው ወደየቤቱ ይወስድ ነበር።

አንድ መታጠፊያ ላይ ከግራ በኩል ባጃጅ ጥልቅ አለ። ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠው፤ ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን፣ ከኋላ ሴቶች ጮኹ። የወንድሜ እግር ግን አልተንቀሳቀሰም። ባለበት ጸጥ ብሎ ነበር።

መኪናው ሲረጋጋ ወደ እኔ ዞረ። ሙሉ ፊቱን ነበር የሚያዞረው ያኔ፣ እኔን ለማየት።

"ምን ነበር?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ባጃጅ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀኝ እግሩን ከወለሉ አንስቶ፣ ወደ ኋላ ከመቀመጫው ሥር ሰበሰበው።